የአዴ ሻሺቱን ዱላ ይዤ የወጣሁ ቀን

የልጅ ልጄ ሳሮን ባለፈው ቅዳሜ ከዲንሾ ፓርክ ስትመለስ ካልሲዋ ላይ ጦስኝ ተሰክቶ መጣ። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ስትገባ ቤቱ በሙሉ ጦስኝ ጦስኝ ሸተተ። ጦስኝ ሻይ ውስጥ ሲፈላ አንድ ነገር ነው፤ በሰው እግር ተረግጦ፣ ከጭቃና ከጉም ጋር ተለውሶ ሲሸት ግን ሌላ ነው። ያ ሽታ ሲያገኘኝ የጉልበቴ ሕመም ይረሳኛል፤ ሽቅብ ሽቅብ ይለኛል። "ደግሞ የት ነው የተንከባለልሽው?" አልኳት። "ራሴን ላዳምጥ ሄጄ ነበር፣ እማማ" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮቤ ከተማ ውስጥ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ሰብስቦ ዲንሾ ወስዷቸዋል። አንድ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አሠልጣኝ ስልካቸውን በፕላስቲክ ባልዲ ለቅሞ፣ እያንዳንዳቸውን ከአንድ አንድ ዛፍ ሥር አስቀምጦ፣ ግማሽ ቀን ማንም ማንንም እንዳያናግር፣ ሁሉም ከራሱ ጋር ብቻ እንዲነጋገር አዟል። ሰው ቢያልፍ ቀና ብሎ ማየት የለም፤ ሰላምታም የለም። "ታዲያ ምን አለሽ?" ስላት "ማን?" አለች። "ራስሽ ነዋ!" "ስልክሽን ተቀበይ አለኝ" ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። እግሯን በሙቅ ውሃ ልትታጠብ ስትቀመጥ እጇን አየሁት። ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ ያላወለቀችው የእጮኛዋ ቀለበት የለም፤ ጣቷ ላይ የቀለበቱ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ልጠይቃት አፌ ድረስ መጣና ዋጥኩት። ባለፈው ስለዚሁ ልጅ አንድ ነገር ብጠይቃት "እማማ፣ ይሄ ፕራይቬሲ ይባላል" ብላ አፌን አስይዛኛለች። ይህ ፕራይቬሲ የሚሉት ነገር እዚህ ጎባ ከገባ ወዲህ የገዛ ልጅህን ሆድ የምታውቀው ከጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ከፌስቡክ ያነበዋል።

እሷ ልትታጠብ ስትገባ እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በሰፌድ ገብስ መልቀም ጀመርኩ። እጄ ገብሱ ላይ ነው፤ አፍንጫዬ ግን ያቺን ካልሲ ይዞ ወደ ሳነቴ ተራራ መንገድ ወጣ። እኔም እኮ አንድ ጊዜ ራሴን ላዳምጥ ተራራ ወጥቼ አውቃለሁ! ያኔ ፊሽካ የሚነፋ አሠልጣኝ አልነበረም። ሰላምታ የሚከለክልማ ቢመጣ የባሌ ሰው የከልካዩን የራሱን ጤና ይጠይቅ ነበር።

ዘመኑ የትኛው እንደነበር አትጠይቁኝ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም የነበረበት፣ ወንዱ ታች እግሩ መጥረጊያ በሚያክል ቦላሌ ሱሪ የጎባን አስፋልት የሚጠርግበት፣ እኛ ሴቶቹ ደግሞ አፍሯችን በር አላስገባ እያለ ጎንበስ የምንልበት ጊዜ ነው። ያኔ ጎባ ጎባ ነበረች። ቢሮው ሁሉ እኛ ዘንድ ነበር። ሮቤ ማለት ሜዳና ንፋስ፣ ስንዴና የፈረስ ጋሪ ነበረች። አሁን ቢሮውንም ዩኒቨርሲቲውንም ባጃጁንም ወሰዱና ለኛ ብርዱን ተዉልን። እሱንም ያልወሰዱት ስለሚከብድ ይመስለኛል። እኔ ጎባ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ታይፒስት ነበርኩ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች የምኖረው ብቻዬን፣ አዴ ሻሺቱ የምትባል የአርሲ ኦሮሞ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። አዴ ሻሺቱ ድምፅዋ ከፍ ያለ፣ ልቧ ከድምፅዋ የበለጠ ሴት ነበረች። በጠዋት ስትጠራኝ "የሺ!" ስትል የጎረቤት የሺዎች ሁሉ አቤት ይላሉ።

አሁን ወልዴን ላስተዋውቃችሁ። ይኸው በረንዳው ጥግ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠው ሽማግሌ ነው። ያኔ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ጥግ ሱቅ የከፈተ ቀጭን ወጣት ነበር፤ የፋኖስ ብርጭቆ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። መልከ መልካም ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሚዛኑ አያጋድልም። አንድ ችግር ብቻ አለው፤ አይናገርም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የወልዴ ዝምታ ግን እኔን ሊያነቅዘኝ ደርሶ ነበር። ምሽት ከቢሮ ስወጣ የባትሪ ድንጋይ ልገዛ ሱቁ እገባለሁ። "ስንት ልስጥሽ?" ይላል። "ሁለት።" ይሰጠኛል። ቆሜ እጠብቃለሁ፤ እሱም ቆሞ ያየኛል። ከዚያ "ደህና እደር"፣ "ደህና እደሪ"። በቃ! እንዲህ ሆነን ክረምቱም በጋውም አለፈ። ራዲዮ የለኝም፣ የእጅ ባትሪም የለኝም፤ መሳቢያዬ ግን በባትሪ ድንጋይ ተሞልቶ አልዘጋ ብሎ ነበር።

ታዲያ በዚህ መሀል አዲስ አበባ ያሉት አጎቴ የተሻለ ሥራ አገኙልኝ፤ ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ እንድመጣ ላኩብኝ። ይህንን ለወልዴ ነገርኩት። የፋኖስ ብርጭቆ እየወለወለ ነበር። ወለወለ፣ ወለወለ፣ ብርጭቆው ሊያልቅ ሲደርስ "ሰኞ ካልሄድሽ ሽማግሌ እልካለሁ" አለኝ። ይኸው ነው የጋብቻ ጥያቄው። አትሂጂ አላለ፣ እወድሻለሁ አላለ! ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተዘረርኩ። ይህ ሰው ዝም የሚለው ውስጡ ብዙ ስላለ ነው ወይስ ምንም ስለሌለ? ጉድጓድ ነው ወይስ ገበታ? አግብቼው ዕድሜ ልኬን "ስንት ልስጥሽ" ሲለኝ ልኑር? ወይስ አዲስ አበባ ሄጄ ዕድሜ ልኬን ያንን ዝምታ ሳስብ ልኑር? እህል አልወርድ አለኝ።

ውጭ አገር ትንሽ ተምሮ የተመለሰ አለቃ ነበረኝ፤ ከዚያ ያመጣው ፒፓና ምክር ነው። ደብዳቤ ስተይብ ፊደል እያምታታሁ ሳስቸግረው ጠራኝ። "ወይዘሪት፣ ሰው መሀል ሆኖ ራስን መስማት አይቻልም" አለኝ። "ውጭ አገር ሰው ሲጨንቀው ከሰው ይርቃል። ተፈጥሮ መሀል ብቻውን ይቀመጣል። ልብ ራሱ ይናገራል።" እሱ ራሱ ከቢሮው አጥር አልፎ ተፈጥሮ ሲረግጥ ያየው የለም፤ ብርድ ይፈራል። እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። ባህታውያኑስ በረሃ የሚወርዱት ለዚሁ አይደል?

ቅዳሜ ማለዳ ተነሳሁ። ያቺን ለዓመት በዓል የማደርጋትን የቴትረን ጉርድ ቀሚስ፣ ሹራቤንና ሸራ ጫማዬን አደረግሁ፤ ከልቤ ጋር ቀጠሮ አለኝና መዘነጥ አለብኝ። ልወጣ ስል የሰፈሩ ውሾች ትዝ አሉኝ፣ ዳገቱም ትዝ አለኝ። አዴ ሻሺቱ ለቅሶ ቤት ሄዳለች። ከበሯ ጀርባ አንድ ዱላ ቆሟል፤ ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ በቅቤ ታሽቶ ታሽቶ የሚያብለጨልጭ። አንስቼ ወጣሁ። ለውሻ ማባረሪያ ይህን የመሰለ ያማረ ዱላ ማን ያስቀምጣል ብዬ መጠርጠር ነበረብኝ።

እንግዲህ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ያ ዱላ ሲንቄ ይባላል። የአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር በእጇ የምታስይዛት ነው። ሴት ልጅ በትዳሯ ላይ ግፍ ሲደርስባት ሲንቄዋን ይዛ ከቤት ትወጣለች። እሷን ያየች ሴት ሁሉ፣ ድስት ጥዳም ቢሆን፣ ልጅ አዝላም ቢሆን፣ ጥላ ወጥታ አብራት ትቀመጣለች። ሽማግሌ መጥቶ፣ በዳዩ አጥፍቻለሁ ብሎ፣ ዕርቅ ሳይወርድ አንዳቸውም ወደ ቤት አይመለሱም። ይህን ሁሉ የጎባ ልጅ መሆኔ ሊያሳውቀኝ ይገባ ነበር። ቃሉን በጆሮዬ እሰማው ነበር፣ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። እኛ የከተማ ልጆች የምናውቀው ዱላ የመምህር ብቻ ነው።

ከጎባ በላይ ወደ ሳነቴ በሚወጣው መንገድ ሄድኩ ሄድኩና፣ ጥዱና ኮሶው አልቆ የአስታው ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዱላውን ጭኔ ላይ አጋደምኩ። ከታች ጎባ በጭሷ፣ ከዚያ ወዲያ የሮቤ ሜዳ ይታያል። ጉሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። መሬቱ በሙሉ ጦስኝ ነው። "በል ልቤ፣ ተናገር" አልኩ። ልቤ ጫማሽ ውሃ አስገብቷል አለኝ። "እሱን ተወውና፣ ወልዴን ላግባ ወይስ ልሂድ?" ፓስቲ ይዘሽ መምጣት ነበረብሽ አለኝ። አንድ የደጋ አጋዘን ከአስታው መሀል ወጥቶ ከፊት ለፊቴ ቆመ። ዝም ብሎ ያኝካል፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ወልዴን ቁርጥ! "አንተም አትናገርም?" ብዬ ስጮህበት ደንግጦ ወደ ገደሉ ፈረጠጠ።

ጩኸቴን የሰማች አንዲት ሴት ከላይ በኩል ብቅ አለች። ሞሚና ትባላለች፤ ቅቤ በቅል ይዛ ወደ ጎባ ገበያ እየወረደች ነው። አየችኝ፤ ከዚያ ዱላውን አየች። ቀጥ አለች። ቅሏን መሬት አስቀምጣ ሰላምታ ጀመረች፤ የባሌን ሰላምታ ታውቁታላችሁ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ገብሱ እንዴት ነው፣ ጉሙ እንዴት አደረ፤ መልሱም ነጋ፣ ነጋ፣ ሰላም ነው ማለት ነው። ሲያልቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ማል ታቴ?" አለችኝ፣ ምን ሆነሽ ነው ማለቷ ነው።

"ምንም አልሆንኩም። ዝም ብዬ ላስብ ነው" አልኳት። ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ቅቤ ለመከራከር ይበቃል፣ ልብ ለማስረዳት ግን አይበቃም።

"ምንም ያልሆነች ሴት ሲንቄ ይዛ ከቤት አትወጣም" አለችና ከጎኔ ቁጭ አለች። ገበያሽስ ብላት መልስም አልሰጠችኝ። ትንሽ ቆይተው ሁለት እንጨት የተሸከሙ ሴቶች መጡ። አዩን፣ እንጨታቸውን አወረዱ፣ ተቀመጡ። ከዚያ ገብስ የጫኑ፣ ከዚያ ዕንቁላል የያዙ፣ ከዚያ ልጅ ያዘሉ። ገበያ ቀን ነው እኮ! የተራራው ሴት ሁሉ በዚያ መንገድ ነው የሚወርደው። የወረደ ግን የለም። ራሴን ላዳምጥ የወጣሁት ሴትዮ ሳነቴ አፋፍ ላይ ገበያ ከፈትኩ! ጭኮ አወጡ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ በግድ አጎረሱኝ። አንዷ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለች። አንዷ ስለ ባሏ ጀመረች፣ ሌላዋ ስለ አማቷ። አንዲት አሮጊት እጄን ይዛ ታሻሸኛለች። ልነሳ ስሞክር "ቁጭ በይ! ማንም አይነካሽም!" ይሉኛል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ተከብቤ አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ በስሕተት ስለኔ እየተቆረቆረ እኔ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንባዬን ሲያዩማ ነገሩ ለየለት!

ታች ጎባ ደግሞ ገበያው ያለ ቅቤ ቀረ። ቅቤ የለም፣ ማገዶ የለም፣ ዕንቁላል የለም። ወሬው ሲጣራ "ሳነቴ መንገድ ላይ ሲንቄ ወጥቷል" ተባለ። ወዲያው ሦስት ሽማግሌዎች በፈረስ መጡ፤ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው፣ ፈረሶቻቸው እንፋሎት እየተነፈሱ። ታላቃቸው ኦቦ ቃሲም የሚባሉ፣ ጢማቸው ነጭ፣ ነጭ ኮፊያ ያደረጉ ሰው ነበሩ። ከሴቶቹ ራቅ ብለው ወረዱ፣ እርጥብ ሣር ነጭተው በእጃቸው ያዙ፤ ለሰላም ነው የመጣነው ማለት ነው።

"ልጄ፣ ማን ነው የበደለሽ?" አሉኝ።

"ማንም አልበደለኝም፣ አባቴ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "አልሐምዱሊላህ፣ ጨዋ ናት" አሉ ኦቦ ቃሲም። "ገመናዋን ሜዳ ላይ አታወጣም።"

"ኧረ እኔ ባል የለኝም!"

ሴቶቹ በአንድ ላይ "ዋይ!" አሉ። "ይኸው! ምን ያህል ቢያስመርራት ነው ባል የለኝም እስክትል የደረሰችው!" አለች አንዷ። ኦቦ ቃሲም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጉዳዩ ካሰቡት በላይ ከባድ ሆነባቸው። በዚህ ጊዜ ሞሚና ተነሳች። "ባሏን እኔ አውቀዋለሁ። ከመጀመሪያውም አውቄያታለሁ፣ እስክትናገር ብዬ ነው። ገበያው ጥግ ፋኖስ የሚሸጠው ወልዴ ነው። ምሽት ምሽት ከዚያ ሱቅ አትጠፋም።" መሬቱ ቢከፈት በደስታ እገባ ነበር። መሬቱ ግን ጦስኝ ብቻ ነው።

በኦቦ ቃሲም ፈረስ ላይ ጫኑኝ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ እኔ መሀል በቴትረን ቀሚሴ፣ ጎባ ገባን። ጎባ እንደዚያ ቀን ሰው ወጥቶ አያውቅም። አለቃዬ በቢሮው መስኮት ፒፓውን ይዞ አፉን ከፍቶ ሲያየኝ አየሁት። እንዲህ ያለ ተፈጥሮ የጠበቀ አይመስለኝም።

ወልዴ ሱቁ ውስጥ ብርጭቆ እየወለወለ ነበር። ኦቦ ቃሲም ከደጃፉ ቆመው፣ "ልጄ፣ ይህች ሴት ሲንቄዋን ይዛ ወጥታለች። የተራራው ሴቶች ሁሉ ከሷ ጋር ናቸው። ምን ትላለህ?" አሉት። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁን "እኔ ባሏ አይደለሁም" ይላል፤ እውነቱ ነውና። ያኔ እኔ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ባሏ ያልሆነን ሰው የምታሳድድ እብድ ሆኜ እቀራለሁ። ሰኞን ሳልጠብቅ በእግሬ አዲስ አበባ እገባለሁ። ዝም አለ። እንደ ልማዱ። ከዚያ ዓይኔን ስገልጥ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከደጅ ካለው ቦይ ዳር ሣር ነጭቶ በሁለት እጁ ይዞ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሟል።

"አባቶቼ፣ አጥፍቻለሁ" አለ።

"ምንድን ነው ጥፋትህ?"

አየኝ። "እሷ የምትለው ነው።"

ሕዝቡ ሁሉ ወደኔ ዞረ። "በይ ተናገሪ ልጄ። ምን አጠፋ?" አሉኝ። ምን ልበል? ምንም አላጠፋም ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። "ዝም ይላል!" ብዬ ጮህኩ። "ቀኑን ሙሉ ስለሱ ሳስብ እውላለሁ፣ እሱ ስንት ልስጥሽ ይለኛል! ጉንፋን ይዞኝ ከቢሮ ስቀር እንዴት ነሽ አላለኝም! ልሄድ ነው ስለው ብርጭቆ ይወለውላል! አትሂጂ እንኳ አላለኝም!" እያልኩ ፈረሱ ላይ ሆኜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቹም አብረውኝ አለቀሱ። ይህንን ሁሉ ቁጣ የት አስቀምጬው እንደነበር እኔም አላውቅም። ጠዋት ልቤን ስለምነው ፓስቲ ያለኝ ልብ ነው። ባዕድ በሆነ ሰው ላይ እንዲህ አይኮረፍም፤ ኩርፊያ የዘመድ ነው። ያን ሰው ሳላገባው አግብቼው ኖሯል!

ወልዴ ሣሩን እንደያዘ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ "አትሂጂ" አለ። አንዲት ቃል ናት። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ሽማግሌዎቹ ተማክረው ፈረዱ። በግ አርዶ ሴቶቹን እንዲያበላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ ማታ ማታ ከእራት በፊት ሚስቱን እንዲያናግራት። "የሚናገረው ቢያጣስ?" ብለው አንዱ ሽማግሌ ጠየቁ፤ ወልዴን ያውቁት ነበር። "ቢያጣ ስለ ዝናቡ ይንገራት" አሉ ኦቦ ቃሲም። እልልታው ሊነሳ ሲል የአዴ ሻሺቱ ድምፅ ከሩቅ መጣ። "የሺ! ዱላዬን! ዱላዬን የት ወሰድሽው?" ሕዝቡን ሰንጥቃ ገባች። "ይህች ልጅ መች አገባችና ነው ሲንቄ የያዘችው? ይሄ የኔ ነው! እሷ ባል የላትም!"

እልልታው አፍ ላይ ቀረ። ወልዴ ሣሩን አየ፣ ሽማግሌዎቹ ወልዴን አዩ፣ ሴቶቹ እኔን። ለሽያጭ የታሰረው በግ እንኳ መጮኹን ያቆመ መሰለኝ። ኦቦ ቃሲም ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ፣ "እንግዲህ አስታርቀናል፤ ዕርቅ ደግሞ አይፈርስም። ያልተጋቡ ከሆነ ይጋቡ" አሉ። ከዚያ ወደኔ ቀረብ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይህ ግን ያንቺ ነው፣ ልጄ። ማንም አያስገድድሽም። ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?" አሉኝ።

"እቀራለሁ" አልኩ። አላሰብኩበትም። ሳስብ የዋልኩት ይበቃል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የኛ ግን ይኸው አልተፈታም። አዴ ሻሺቱ ስለ ዱላዋ ለሳምንት ያህል አኩርፋኝ ነበር። የሠርጌ ቀን ጠዋት ግን ክፍሌን አንኳኳች። አዲስ የተቆረጠ፣ በቅቤ የታሸ ዱላ ይዛለች። "ሲንቄ የምትሰጠው እናት ናት" አለችና እጄ ላይ አስቀምጣው፣ ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ተናፈጠች። እኔም ዓይኔን በሠርግ ቀሚሴ ጠረግሁ፣ ኩሉ ሁሉ ተበላሸ። ነፍሷን ይማረውና እሷ የሰጠችኝ ዱላ ዛሬም ከበራችን ጀርባ ቆማለች።

ገብሱን እየለቀምኩ ይህንን ሁሉ ጮክ ብዬ ሳወራ ሳሮን ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ መጥታ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ኖሯል። ከልቧ ሳቀች። "አባባ፣ ሳያጠፉ ለምን አጥፍቻለሁ አሉ?" ብላ አያቷን ጠየቀችው። ይህን ሁሉ ዘመን እኔ ጠይቄው የማላውቀው ጥያቄ ነው፤ ጆሮዬን ጣልኩ። ወልዴ ጋቢውን አስተካከለ። "እንደማጠፋማ አውቅ ነበር" አለ። "ቀብድ ከፈልኩ።"

ወይ ጉድ! ቀሪውን ሲከፍል ነው የኖረው እንግዲህ። እኔና ሳሮን በሳቅ ስንንፈራፈር እሱ ሰማዩን ቀና ብሎ አየና፣ የእራት ሰዓት ደርሶ ነበርና፣ "ጉሙ ወርዷል። ነገ ይዘንባል" አለኝ። አንድም ማታ አስታጉሎ አያውቅም። ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቶ እንኳ መስኮቱን አስከፍቶ ነግሮኛል።

ከዚያ የሳሮንን እጅ አየው። ጉልበቱን ይዞ ተነሳና ወደ ውስጥ ገባ። ሊተኛ ነው ብዬ ነበር። ሲመለስ ሲንቄዬን ይዟል፤ አቧራውን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ። ሳሮን ጭን ላይ አስቀመጠላትና ወንበሩን ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። ላላገባች ሴት አይሰጥም ልለው ነበር። ያኔ እኔ ራሴ ምን እንደነበርኩ ትዝ አለኝና ተውኩት።

ሳሮን ዱላውን አየች፣ ባዶ ጣቷን አየች። "ግማሽ ቀን እዚያ ዛፍ ሥር ሳለቅስ ዋልኩ፣ እማማ" አለችኝ። "ያ ሁሉ ሰው ሲያልፍ ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም።"

ሰፌዱን ከነገብሱ መሬት አስቀመጥኩና በሌላው ጎኗ ተቀመጥኩ።

"ማል ታቴ?" አልኳት።